«በሽታው መድኃኒታችሁን ለምዶታል»፦ ስለ ማስረጃና ስለ ጤና ፖሊሲ

(በባሕር ዳር በተደረገ የጤና ባለሙያዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በጥቂቱ የታረመ)

የተከበራችሁ መምህሮቼ፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ሌሊቱን በመንገድ ያሳለፋችሁ የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች፣ ከኋላ የተደረደራችሁ ተማሪዎች፤ እንደምን አደራችሁ?

አልሰማሁም። እንደምን አደራችሁ? እሰይ፤ አሁን ሰው መኖሩን አወቅሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «በማስረጃ ላይ የተመሠረተ ሕክምና በጤና ፖሊሲ አወጣጥ ውስጥ ያለው ሚና» ይላል። ትናንት ማታ ለባለቤቴ ሳነብላት ቡናዋን ፉት አለችና «ታዲያ እስከ ዛሬ በምን ላይ ተመሥርታችሁ ነበር የምታክሙን?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ጥያቄዋን ለእናንተ ይዤ መጥቻለሁ።

ነገሬን በሦስት እከፍለዋለሁ። አንደኛ፣ ማስረጃ ስንል ምን ማለታችን ነው? ሁለተኛ፣ ማስረጃ ሲዘገይና ሲያረጅ ምን ይሆናል? ሦስተኛ፣ ከገዛ ቀያችን የተገኘ ማስረጃ ተነሥቶ እኛኑ ሲቃወመንስ ምን እናደርጋለን? የመጀመሪያውን ቶሎ አልፈዋለሁ። ሦስተኛው ላይ ብዙ ስለምቆይ ሰብሳቢያችን ከወዲሁ ይታገሡኝ። አንድ ማሳሰቢያም አለኝ፤ የምጠራቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ጥናቶቹ የታተሙት በዚያ ስለ ሆነ ነው።

በቢሮ ቋንቋችን መረጃና ማስረጃ ተቀላቅለዋል። «መረጃ አለን» ይባላል፤ ወዲያው ውሳኔ ይከተላል። ቋንቋችን ራሱ ግን ይለያቸዋል። መረጃ እኔ የምረዳበት ነው። ማስረጃ ሌላውን የማስረዳበት ነው፤ ያውም የማያምነኝን ሌላ። አያቶቻችን በዛፍ ጥላ ሥር ችሎት ሲቀመጡ በላ ልበልሃ ይባባሉ ነበር። ከሳሽ ድምፁ ስለ ጎላ ወይም ሸማው ስለ ነጣ ብቻ አይረታም። ተጠየቅ ይባላል። ምስክሩም ይጠየቃል። አየህ ወይስ ሰማህ? ከየት ቆመህ አየህ? ከተከሳሹ ጋር ቂም አለህ ወይ? እኛ ዛሬ በማስተርስ ክፍል በሁለት ሴሚስተር የምናስተምረው የጥናት ምዘና ከእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ብዙም አይርቅም። ከየት ቆመህ አየህ ማለት ናሙናህን ከየት አመጣህ ማለት ነው። ቂም አለህ ወይ ማለት ደግሞ ጥናቱን የከፈለልህ ማን ነው ማለት ነው።

ዴቪድ ሳኬትና ባልደረቦቹ በ1996 ባወጡት አጭር ጽሑፍ በማስረጃ ላይ የተመሠረተ ሕክምና በሦስት ነገር እንደሚቆም አስረድተዋል፤ በተሻለው የጥናት ማስረጃ፣ በባለሙያው ልምድና በታካሚው ፍላጎት። ሦስት ጉልቻ በሉት። ይህ ግን ለአንድ ሐኪምና ለአንድ ታካሚ ነው። ፖሊሲ ሲሆን አራተኛ ድንጋይ ይመጣል፤ ገንዘብ። እናቶች እዚህ ካላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ባለ አራት ጉልቻ ምድጃ ላይ የተጣደ ድስት ይንገዳገዳል። የጤና ፖሊሲ የሚንገዳገደውም እዚያ ላይ ነው።

በ2019 የተከለሰውን የአገራችንን መሠረታዊ የጤና አገልግሎት ጥቅል የምታውቁት ይመስለኛል። 1,018 አገልግሎቶች ተዘርዝረዋል። ምርጫው የተደረገባቸው መስፈርቶች ውስጥ የበሽታ ጫና አለ፤ የወጪና የውጤት ንጽጽር አለ፤ ፍትሐዊነት አለ፤ ቤተሰብ በሕክምና ወጪ እንዳይደኸይ መጠበቅ አለ። ከእነዚህ ጎን ደግሞ የፖለቲካ ተቀባይነት የሚል ተቀምጧል። ይህን ሲያዩ ፊታቸውን ያጨማደዱ ባልደረቦች አሉኝ። እኔ ግን ደስ አለኝ። ፖለቲካው ድሮም ነበረ፤ የነበረው ግን ከጠረጴዛው ሥር ነው። ጠረጴዛ ላይ የወጣ ነገር ተጠየቅ ይባላል። ከጠረጴዛ ሥር ያለውን ማን ይጠይቀዋል?

ይህን ካልኩ ወደ ሁለተኛው ልሂድ፤ ማስረጃ ሲዘገይ።

ጊዜው 2003 ነው፤ በእኛ 1996 ዓ.ም. ሲብት። ከተመረቅሁ ጥቂት ወራት ሆኖኝ በአንድ ቆላ ወረዳ ጤና ጣቢያ ጤና መኮንን ሆኜ ተመድቤ ነበር። የዚያን ዓመት የወባ ወረርሽኝ እዚህ ካላችሁት መካከል የምታስታውሱት ትኖራላችሁ። መጀመሪያ ድርቅ ነበረ። ከዚያ ዝናቡ መጣ። ከዝናቡ በኋላ ንዳዱ መጣ። አልጋ ሞልቶ፣ ኮሪደር ሞልቶ፣ ግቢው ውስጥ ካለችው ግራር ሥር ሰው በጋቢ ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል።

መድኃኒታችን ፋንሲዳር ነበር። ክሎሮኪን አልሠራ ሲል በ1998 የተተካው እርሱ ነው። ርካሽ ነው፤ አንዴ ተውጦ ያልቃል፤ ለአዋቂ ሦስት ፍሬ። ለሰጪም ለተቀባይም የሚመች መድኃኒት ነበር፤ ሳይሠራ መቅረቱ ብቻ ነው ክፉው።

አንድ አባት ሴት ልጁን በትከሻው ይዞ መጣ። ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ሰጠኋት። በአሥረኛው ቀን ተመልሶ መጣ፤ ደሟ ሲታይ ጥገኛው አለ። «አስመልሳው ይሆናል» ብዬ እንደገና ሰጠኋት። ይህን የምናገረው እያፈርኩ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ልጅቱ ራሷን ስታለች። አባትየው አልጮኸም፤ አላለቀሰም። «ዶክተር» አለኝ፤ እዚያ አገር ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፤ «ዶክተር፣ ይሄ በሽታ መድኃኒታችሁን ለምዶታል።»

ለምዶታል! የፋርማኮሎጂ መምህሬ በሁለት ክፍለ ጊዜ ያስረዱኝን ያ ገበሬ በአንድ ቃል ጨረሰው። ልጅቱ ኪኒን በተባለው ሌላ የወባ መድኃኒት ዳነች። ያልዳኑ ነበሩ፤ ስለ እነርሱ ዛሬ አልናገርም።

በዚያ ሳምንት ሪፖርት ላይ «ፋንሲዳር እየሠራ አይደለም» ብዬ ጻፍኩ። ቅጹ ለእንዲህ ያለ ነገር ቦታ ስለሌለው በኅዳጉ ላይ ነው የጻፍኩት። ከበላይ አካል ስልክ ተደወለልኝ። «አንተ የምትከተለው መመሪያውን ነው ወይስ የራስህን ሐሳብ?» ተባልኩ። መመሪያውን አልኩ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ደመወዝ እፈልግ ነበር።

አሁን ልብ አድርጋችሁ ስሙኝ። እኔ ያን ጊዜ ማስረጃ ነበረኝ ወይ? አልነበረኝም። የነበረኝ መረጃ ነው። ፋንሲዳር ሰጥቻቸው የዳኑት ስንት ነበሩ? አላውቅም፤ የዳነ ሰው ተመልሶ አይመጣም። የሞቱትስ? እነርሱም አይመጡም። እኔ የማየው ተመላሹን ብቻ ነው። ከየት ቆመህ አየህ ብትሉኝ፣ ከካርድ ክፍሉ መስኮት ነው መልሴ። ስለዚህ ስልክ የደወሉልኝ ሰው ማስረጃ አምጣ ቢሉኝ ኖሮ ልክ ነበሩ። ያሉኝ ግን እርሱን አይደለም። ዝም በል ነው ያሉኝ። የእነዚህ የሁለቱ ልዩነት ነው ዛሬ እዚህ ያቆመኝ።

ማስረጃው በዚያው ዓመት እየተሠራ ነበር። በ11 ቦታዎች ለታካሚዎች ፋንሲዳር ተሰጥቶ ቀን እየተቆጠረ ደማቸው ታየ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሦስት ታካሚዎች ከአንዱ በላይ መድኃኒቱ ከድቷቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ወባው መድኃኒቱን በለመደባቸው አገሮች አርቴሚሲኒን ያለበት ጥምር መድኃኒት እንዲሰጥ የመከረው በ2001 ነበር። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በወረርሽኙ መካከል ይህንኑ መድኃኒት ልጠቀም ብሎ ወትውቷል። በጃንዋሪ 2004 ላንሴት የተባለው መጽሔት በእኛም በሌሎችም የአፍሪካ አገሮች የማይሠራ መድኃኒት እየተገዛ ነው ሲል የዓለም ጤና ድርጅትንና ለመድኃኒት መግዣ ገንዘብ የሚሰጠውን ግሎባል ፈንድን በብርቱ የሚወቅስ ጽሑፍ አወጣ። በ2004 ፖሊሲው ተለወጠ፤ ኮአርተም የተባለው ጥምር መድኃኒት ገባ።

ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር። ዛሬ ፀጉሬ ሲሸብት ሌላውንም ወገን አየዋለሁ። አዲሱ መድኃኒት ከአሮጌው ከአሥር እጥፍ በላይ ዋጋ ነበረው። በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ የሚዋጥ ነው፤ ማንበብ ለማይችል ሰው እንዴት ይነገራል? ደግሞም በ2004 መጨረሻ የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ኮአርተም በዓለም ላይ እጥረት እንዳለ አስታወቀ። ማስረጃ መጋዘን አይሞላም። እነዚህ እውነተኛ ክርክሮች ናቸው። ነገር ግን ክርክሩ በግልጽ ቢደረግ፣ «መድኃኒቱ እንደማይሠራ እናውቃለን፤ ገንዘብ ግን የለንም» ተብሎ ቢነገር፣ እኔ በዚያ ግራር ሥር ለተኙት ምን እንደምነግራቸው አውቅ ነበር።

ይህ የዘገየ ማስረጃ ነው። ያረጀ ማስረጃም አለ። ማስረጃ እንደ እንጀራ ነው፤ ይሻግታል። ትናንት የጋገርከው ጥሩ ስለ ነበረ ዛሬም ጥሩ ነው አይባልም።

ፈጣኑን የወባ መመርመሪያ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጣት ይወጋል፣ ጠብታ ደም ይደረጋል፣ መስመር ይወጣል። ለጤና ኬላ ትልቅ ፀጋ ነበር። መመርመሪያው የሚፈልገው ፋልሲፓረም የተባለው ጥገኛ የሚያመነጨውን አንድ ፕሮቲን ነው። ታዲያ ጥገኛው ምን አደረገ? ያን ፕሮቲን የሚሠራበትን ጂን ጣለው! በሽታው አለ፤ መስመሩ ግን አይወጣም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ «ወባ የለብህም» ትለዋለች፤ እርሷ የተማረችውን በትክክል ሠርታለች፤ ሰውየው ግን ወባ አለበት። መጀመሪያ በደቡብ አሜሪካ፣ በፔሩ ታየ፤ በእኛ አቅራቢያ ደግሞ በኤርትራ። ከዚያ በ2017 እና በ2018 የእኛው ተመራማሪዎች በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ 12,572 ሰዎችን አጠኑ። ስሌቱ ሲሠራ መመርመሪያው ከመቶ የፋልሲፓረም ሕሙማን ወደ አሥር የሚጠጉትን ሊያሳልፍ እንደሚችል ታወቀ። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያ ይለወጥ የሚለው አምስት በመቶ ሲደርስ ነው። በሌላ ዓይነት መመርመሪያ ወደ መተካት ተገባ። ይህን የምነግራችሁ ነገሩ ሲሠራም እንዳየን እንድታውቁ ነው። አንድ ሰው «ይህ ኪት ዛሬም ይሠራል ወይ?» ብሎ ጠየቀ፤ ሌላው ሰማው።

ስሕተት ሁልጊዜ ከላይ ይወርዳል እንዳትሉኝ ደግሞ ስለ ራሴ ልጨምር። ትኩሳት ይዞት እጅ እግሩ የቀዘቀዘ፣ ራሱን የሳተ ሕፃን ሲመጣ ብዙ ፈሳሽ በደም ሥር ቶሎ መልቀቅ ነው የተማርኩት። ለስንቱ ልጅ እንዳደረግሁት አልቆጠርኩም። እንዲያውም በዚህ እኮራ ነበር፤ እጄ ፈጣን ነው። በ2011 በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ከሦስት ሺህ በላይ ሕፃናት በዕጣ ተከፍለው የተደረገ ጥናት ውጤቱ ወጣ። በፍጥነት ፈሳሽ ከተሰጣቸው በ48 ሰዓት ውስጥ የሞቱት 10.6 በመቶ፣ በዝግታ ከተያዙት 7.3 በመቶ። የተገላቢጦሽ! ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ስሕተት ፈልጌ። ስሕተቱ እጄ ላይ ነበር። ወገኖቼ፣ ለአሥርት ዓመታት ልጆቹ እኛው ጋ ነበሩ፤ መጽሐፉ ግን ሌላ አገር ሌላ ሕፃን ታይቶ የተጻፈ ነው። እኛ ደግሞ አልጠየቅንም።

ሦስተኛው ላይ ደረስን። ሰብሳቢው ወረቀት እያሳዩኝ ነው፤ አይቻለሁ፤ እናመሰግናለን።

አያቴ አንገቷ ላይ ከማተቧ ጋር ወረንጦ ታንጠለጥል ነበር። እሾህ መንቀያ አይምሰላችሁ። የዓይን ማዝ ሽፋሽፍቷን ወደ ውስጥ ቀልብሶት፣ ፀጉሩ ብሌኗን ይፍቃት ነበር። እኔ ዓይኔ ስል ስለ ሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ በረንዳ ላይ ፀሐይ ወዳለበት ታዞረኝና «ና የእኔ ልጅ፣ ይችን ንቀልልኝ» ትለኝ ነበር። አንድ በአንድ እነቅላለሁ። ስታልቅ ትመርቀኛለች። በሳምንቱ ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል፤ ያኔ ደግሞ አጭርና ጠንካራ ሆኖ፣ ከበፊቱ የባሰ ነው የሚወጋት። በስተመጨረሻ ብርሃኗን አጣች። በ2005 እና በ2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአንድ እስከ ዘጠኝ ከሆነ ልጆች ከ60 በመቶ በላይ ንቁ ትራኮማ፣ ማለትም የዓይን ማዝ፣ ነበረባቸው። ስለዚህ ስለ ትራኮማ ስናገር ስለ ሩቅ ነገር አይደለም የምናገረው። የብዙዎቻችሁ አያት አንገት ላይ ወረንጦ ነበረ።

የትራኮማ ዘመቻችን አራት እግር አለው፤ ቀዶ ሕክምና፣ አንቲባዮቲክ፣ ፊት መታጠብ፣ የአካባቢ ንጽሕና። እስቲ አንድ በአንድ ተጠየቅ እንበላቸው።

ከአንቲባዮቲኩ ልጀምር። በምሥራቅ ጎጃም፣ በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ፣ 72 ንዑስ ቀበሌዎችን በዕጣ ከፍሎ አዚትሮማይሲን ለሕዝቡ የሰጠ ጥናት ነበር። ሐሳቡ ትራኮማን ለማጥፋት ስንት ጊዜ መስጠት ይበቃል የሚል ነው። መድኃኒቱ ከዓይን ኢንፌክሽን በላይ ሌላ ነገር አደረገ። በ2009 የታተመው ውጤት መድኃኒቱን የወሰዱት ልጆች ሞት ካልወሰዱት በግማሽ ገደማ ያነሰ መሆኑን አሳየ። በግማሽ! ጎንቻ ላይ!

እናንተ ባለሥልጣን ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እውነቱን ተናገሩ። እኔ ብሆን በማግስቱ መግለጫ እሰጥ ነበር። «የሕፃናትን ሞት በግማሽ የሚቀንስ ክኒን ተገኘ» እል ነበር፤ ካሜራ አስጠራ ነበር። አዋቂዎቹ ግን ምን አሉ? አንድ ምስክር ነው፤ ሌላ ምስክር ይቅረብ አሉ። በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ ከ190 ሺህ በላይ ሕፃናት የተሳተፉበት ጥናት ተደረገ። በ2018 ውጤቱ ሲመጣ የሞቱ ቅነሳ 13.5 በመቶ ሆነ። እውነት ነው ይሠራል፤ ግን ግማሽ አይደለም፤ ደግሞ በየአገሩ እኩል አይደለም፤ ጎልቶ የታየው ኒጀር ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2020 ለሁሉም በጅምላ አይሰጥ፤ የሕፃናት ሞት እጅግ ከፍ ባለባቸው ቦታዎች ከአንድ እስከ አሥራ አንድ ወር ላሉ ጨቅላዎች ይታሰብ አለ። ለምን ተጠነቀቀ? ያ አባት የነገረኝ ነገር ስላለ ነው፤ ተሕዋሲ መድኃኒት ይለምዳል።

ወደ ቀዶ ሕክምናው ልሂድ። በዓመት መጨረሻ ሪፖርት ላይ «ይህን ያህል ሰው ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ዕቅዱ 104 በመቶ ተከናውኗል» እንላለን። እጃችንን እናጨበጭባለን። በየገጠሩ ስሄድ ግን «ተሠርቼ ነበር፤ ፀጉሩ ተመልሶ መጣ» የሚሉኝ እናቶች አገኝ ነበር። እነዚህ እናቶች በሪፖርቱ ውስጥ የትኛው ረድፍ ላይ ናቸው? በ104 በመቶው ውስጥ ናቸው! እስማኤል ሀብታሙና ባልደረቦቹ በዚሁ ክልላችን አንድ ሺህ ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ለግማሾቹ የዓይን ቆቡን ከውጭ እስከ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚቆርጠው ዘዴ፣ ለግማሾቹ ከውስጥ በኩል ብቻ የሚቆርጠው ዘዴ ተሠራላቸው። በ2016 በታተመው ውጤት ከዓመት በኋላ ፀጉሩ የተመለሰባቸው በመጀመሪያው 22 በመቶ፣ በሁለተኛው 13 በመቶ ናቸው። ተመሳሳይ ባለሙያ፣ ተመሳሳይ አልጋ፣ የተለየ አቆራረጥ። ይህ ጥናት አዲስ መድኃኒት አላመጣም፤ አዲስ ማሽን አላስገዛም። የጠየቀው «ስንት ሠራችሁ?» ብሎ አይደለም፤ «ከሠራችሁት ስንቱ ዓመት ቆየ?» ብሎ ነው። እኔ የክልል ቢሮ ዕቅድ የማዘጋጅ ብሆን ከ104 በመቶው ረድፍ ቀጥሎ አንድ ረድፍ እጨምር ነበር፤ «በዓመቱ ስንቱ ተመልሶ ታየ?» የሚል። ሪፖርቱ ያስቀይም ይሆናል። ያስቀይም!

አሁን ወደሚያመው ልምጣ። ፊት መታጠብና መጸዳጃ ቤት።

በወረዳ በሠራሁባቸው ዓመታት ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት እየዞርኩ «ፊታችሁን ታጠቡ፤ ዝንብ አታስጠጉ» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ልጆቹን አሰልፌ አዘምር ነበር። ድምፄ እንዴት እንደ ሆነ ሰምታችኋል፤ ልጆቹ ይታገሡኝ ነበር። ይህ ነገር ትራኮማን እንደሚያጠፋ አንዳች ጥርጥር አልነበረኝም። ዝንቡ ይታያል፤ የልጁ ዓይን ይታያል፤ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

በዋግ ኽምራ በ40 አካባቢዎች ጥናት ተደረገ። ለግማሾቹ በዕጣ የውሃ ነጥብ፣ የመጸዳጃ ቤት ሥራና የንጽሕና ትምህርት ቀረበላቸው፤ ሌሎቹ ጥናቱ እስኪያልቅ እንዲጠብቁ ተደረገ። ሦስት ዓመት ተሠራ። ዋግን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ እዚያ ውሃ ማውጣት ቀልድ አይደለም። በ2022 ውጤቱ ታተመ። በልጆቹ ዓይን ላይ ያለው የትራኮማ ኢንፌክሽን በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አላሳየም።

ዝም አላችሁ። እኔም እንደዚሁ ዝም ብዬ ነበር።

ከዝምታው በኋላ ሰው ሁለት መንገድ ይይዛል። አንዱ «ጥናቱ ተሳስቷል» ይላል። ሊሆን ይችላል፤ ሦስት ዓመት አጭር ሊሆን ይችላል፤ ውሃው ቢመጣም ፊት የሚታጠብበት ላይደርስ ይችላል፤ እነዚህ መጠየቅ ያለባቸው ናቸው። ግን እንጠንቀቅ፤ ውጤቱ ደስ ባለን ጊዜ ይህን ሁሉ ጥያቄ ጠይቀን ነበር ወይ? የጎንቻውን ጊዜ ስንቶቻችን «ተሳስቶ ይሆናል» አልን? ምስክሩ ሲደግፈን ጨዋ፣ ሲቃወመን ውሸታም ከሆነ ችሎት አልተቀመጥንም፤ ድግስ ላይ ነን።

ሌላው ደግሞ «እንግዲያው ውሃና መጸዳጃ ቤት አያስፈልግም፤ በጀቱ ይነሣ» ይላል። ይህም አያስኬድም። አንዲት የዋግ ሴት እንስራ አዝላ ገደል የምትወርደው ለትራኮማ ብላ ነው ወይ? ውሃ የሚገባት ሰው ስለ ሆነች ነው። ሰው ሜዳ ላይ እንዳይቀመጥ መጸዳጃ ቤት ይሠራል፤ ለዚህ ዕጣ መጣል አያስፈልግም። ማስረጃ ይሠራል አይሠራም የሚለውን ይነግረናል እንጂ ምን ይገባናል የሚለውን አይነግረንም። ያን የምንወስነው እኛ ነን። ማድረግ የሌለብን ነገር ቢኖር የውሃውን በጀት «ትራኮማን ያጠፋል» ብለን መጠየቅ ነው። ገንዘቡ ቶሎ ይገኝ ይሆናል። በአምስተኛው ዓመት ትራኮማው እንዳለ ሲገኝ ግን ሰጪውም፣ ሕዝቡም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም እኛን ማመን ይተዋሉ።

ስለ እነርሱ ስናነሣ አንድ ላንሣና ልጨርስ። ለብዙ ዓመታት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የሳንባ ምች ለያዘው ሕፃን አንቲባዮቲክ እንዲሰጡ አይፈቀድም ነበር። በ2010 ገደማ ተፈቀደ። መድኃኒቱ እንደሚያድን ማንም የሚጠራጠር የለም። ከዚያ በጅማና በምዕራብ ሐረርጌ ዞኖች በዕጣ የተከፋፈሉ ወረዳዎች ላይ ሲታይ የሕፃናት ሞት ልዩነት አላሳየም። ለምን? ከታመሙት ልጆች ወደ ጤና ኬላ የመጡት ጥቂት ስለ ነበሩ። እናትየው ብትመጣ ኬላው ዝግ ይሆናል፤ ባለሙያዋ ስብሰባ ላይ ናት፤ እኛ ነን የጠራናት! ታዲያ እዚህ የከሸፈው መድኃኒቱ ነው? ፖሊሲው ነው? ወይስ የእኛ የስብሰባ ብዛት? ስለ ስብሰባ በስብሰባ ላይ መናገሬ አስቂኝ እንደ ሆነ አውቃለሁ።

ከእናንተ የምለምነው ትንሽ ነው። የፌዴራል ጤና ፖሊሲ አርቅቁ አልላችሁም። አዲስ መመሪያ ከላይ ሲወርድላችሁ ሦስቱን የችሎት ጥያቄዎች ጠይቁ፤ በትሕትና፣ በጽሑፍ። ከላይ ያላችሁ ደግሞ፣ እዚህ የፊት ወንበር ላይ አያችኋለሁ፣ በሪፖርት ቅጹ ላይ ለአንድ መስመር ቦታ አኑሩ። «በሥራ ላይ ያየሁት፣ ከመመሪያው ጋር የማይገጥም ነገር» የምትል አንዲት መስመር። እኔ በኅዳግ የጻፍኩትን ሌላው ጤና መኮንን በወጉ እንዲጽፈው። ከመቶው ዘጠናው ወሬ ይሆናል፤ ይሁን። ከቀሩት አንዱ «በሽታው መድኃኒታችሁን ለምዶታል» የሚል ቢሆንስ? ለእርሱ ጥናት ይሠራለት።

ጊዜዬ አልቋል፤ ሰብሳቢው ወረቀቱን ትተው ቆመዋል። የተናገርኩት ሁሉ ትክክል ነው ብዬ አልምልም። እዚያ ጥግ ላይ ከጅምሩ ራስህን ስትነቀንቅ የነበርከው ወጣት፣ አዎ አንተ፣ ባለ ሰማያዊ ሹራቡ፤ የዋጉ ጥናት ላይ የማትስማማበት ነገር ያለ ይመስለኛል። ማይኩን አቀብሉልኝ ለእርሱ። ና ወንድሜ፤ በላ ልበልሃ።